ድራም ማሽንን ከቤት ስቱዲዮ ጋር ማናበብ፦ ለደብረ ብርሃንና አካባቢው ልጆች ጥቆማ

ቤታችሁ የምትቀዱ ልጆች አንድ ነገር ደጋግማችሁ ጠይቃችሁኛል። ድራም ማሽኑ ከኮምፒውተሩ ጋር እኩል ይነሳል፣ ሁለተኛው አዝማች ላይ ሲደርስ ግን ይሸሻል። እኔም እዚሁ ደብረ ብርሃን ሦስት መንገድ ሞክሬያለሁ።

የመጀመሪያው ርካሹ ነው። በአንድ ጫፉ ዩኤስቢ፣ በሌላው ባለ አምስት እግር የሚዲ ጃክ ያለው፣ ስም የሌለው ኬብል። ሚዲ የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒውተር ትእዛዝ የሚላላኩበት ቋንቋ ነው። ከአዲስ አበባ አስመጣሁት። እናንተ አትግዙት። ሚዲ በአንድ ምት 24 ጊዜ «ሰዓት»፣ ማለትም ማሽኑ ፍጥነቱን የሚጠብቅበት ምልክት፣ ይልካል። በ120 ቴምፖ (በደቂቃ 120 ምት) በሰከንድ 48 ጊዜ ማለት ነው፤ በየ21 ሚሊሰከንዱ ገደማ አንድ። የእኔው ኬብል አንዱን ያዘገያል፣ ሌላውን ያስቀድማል። ቀድቼ ሞገዱን አስፍቼ ሳየው ኪኩ (ወፍራሙ የከበሮ ድምፅ) አንዴ ፕሮግራሙ ላይ ካለው የምት መስመር በፊት፣ አንዴ ከመስመሩ በኋላ ቆሟል። እኩል ቢዘገይ እኮ ችግር የለውም፤ የተቀዳውን አንዴ ሳብ አድርጎ ማስተካከል ነው። የሚዋዥቀው ግን መላ የለውም።

ሁለተኛው፣ ከልቤ የምመክረው፣ የሚዲ መግቢያና መውጫ ያለው ሳውንድ ካርድ ነው፤ ድምፅ ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባውና የሚያስወጣው ሳጥን ማለቴ ነው። አሁን የምሠራው በሱ ነው። ስትገዙ ጀርባውን አዙራችሁ እዩ፤ ከፊት ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የቤሪንገር ዩኤምሲ 204ኤችዲ ሚዲ አለው፣ 202ኤችዲ የለውም። የፎከስራይት ስካርሌት 4አይ4 አለው፣ 2አይ2 የለውም። ቤሪንገሩ ኃይሉን ከላፕቶፑ ስለሚወስድ መብራት ሲሄድ ሥራ አያቋርጥም። ለኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የሚዲ ኬብል ካጣችሁ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግኑ ባለሙያዎች ይበይዱላችኋል። የኔን ያስበየድኩት አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ነው። የአንዱ ጫፍ 4ኛ እግር ከሌላው 4ኛ፣ 5ኛው ከ5ኛው፣ ዙሪያውን የሚሸፍነው ሽቦ ከመሃለኛዋ ከ2 ጋር። 1 እና 3 ባዶ ይቀራሉ። እግሮቹ በቁጥር ተራ አልተደረደሩም፤ 1፣ 4፣ 2፣ 5፣ 3 ነው የሚሄዱት። በግምት የቆጠረ ይሳሳታል። ከዚያ ማሽኑን ከውስጥ ሰዓት ወደ ውጭ ሰዓት ቀይሩት። ኤፍኤል ስቱዲዮ በሚባለው የመቅጃ ፕሮግራም የምትጠቀሙ ሚዲ ሴቲንግ ውስጥ የማስተር ሲንክ (የማናበቢያ ሰዓት) መላኪያውን አብሩ። ሰዓቱን የሚሰጠው አንድ ብቻ ይሁን፤ እሱም ኮምፒውተሩ።

ሦስተኛው መንገድ ኮርግ ቮልካ ቢትስ የሚባለው ድራም ማሽን ላላችሁ ነው፣ ወጪውም አንድ የድምፅ ገመድ ብቻ ነው። ቮልካ ትንሽ የሲንክ ቀዳዳ አለችው። ኮምፒውተሩ ላይ አጭር «ጠቅ» የሚል ድምፅ ደርድሩና ከሳውንድ ካርዱ አንዱን መውጫ ለብቻው ወደዚያ ቀዳዳ ላኩት። ድምፁ ከፍ ይበል፣ ካነሰ አይሰማውም። እያንዳንዱ ጠቅታ ማሽኑን ሁለት እርምጃ ያስኬደዋል፤ እርምጃ የምለው ምት የሚቀመጥባቸውን የማሽኑን ተራ ቦታዎች ነው።

ይሄ መንገድ ለችክችካ ልክ የተሠራለት ይመስላል። ማሽኑ 16 እርምጃ አለው፤ የመጨረሻዎቹን 4 አጥፉና 12 ይቅሩ። ፕሮግራማችሁን 6/8 አድርጉት። በአንድ ባር (አንድ ዙር ምት) ስድስት ጠቅታ፣ ለያንዳንዷ ስምንተኛ ኖታ አንድ። 16ቱን እንዳለ ትታችሁ ከሆነ ግን የሰዓቱ ችግር አይደለም፤ ከበሮው ከመጀመሪያውም ሌላ ቤት ነው ያለው። ብዙዎቻችሁ «ይሸሻል» የምትሉት ይሄንን ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ሸዋሮቢት ሆነህ ርካሹን ኬብል ልግዛ ወይ ያልከኝ ወንድሜ፣ ቮልካ ካለህ ተወው፣ በጠቅታው ሥራ። ሌላ ማሽን ከሆነ ያለህ፣ ጨምረህ ሳውንድ ካርዱን ግዛ። ላፕቶፕህንና ማሽኑን ይዘህ ሱቁ ድረስ ሂድ። ሻጩ ፊት ኪክ ብቻ ሦስት ደቂቃ ቅዳ። የመጀመሪያውን፣ የመሃሉንና የመጨረሻውን ኪክ ከመስመሩ ጋር አስተያይ። ሦስቱም ከመስመሩ እኩል ከራቁ ክፈልና ይዘኸው ሂድ።