የፒካፕ ነዳጅ ታንክ ማሰሪያ ዝጎ አለቀ፣ ምን ይሻላል?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ወገኖች። አሮጌ ናፍታ ሃይሉክስ አለኝ። ታንኩን ከሥር የያዙት የብረት ማሰሪያዎች ዝገው፣ የኋለኛው ቡሎኑ ጋ ክር አክሏል። የሐረጎን ቁልቁለት ስወርድ ይንኳኳል። ማስበየድ ይበቃል?

መልስ (ኮምቦልቻ)፦ ኧረ ወንድሜ፣ ታንኩ እዛው ተሰቅሎ ብየዳ እንዳታስነካው! ባዶም ቢሆን ውስጡ የቀረው ትነት ሊፈነዳ ይችላል። ሁለቱንም ቀይራቸው።

ሌላ መልስ፦ ትክክል። መጀመሪያ ነዳጁን ቀንስ፤ 60 ሊትር ናፍታ ብቻውን 50 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ከዛ ታንኩን በክሪክና በጣውላ ደግፈህ ማሰሪያውን አንድ በአንድ ፍታ፣ የዛገውን ቡሎን ደግሞ ከማታው ዘይት አጠጣው። በማሰሪያውና በታንኩ መሃል ያለውን የጎማ ንጣፍ አደራ፣ እሱ ከሌለ ማሰሪያው ታንኩን እየፈገፈገ ይበሳዋል።

ጠያቂ፦ ተባረኩ። አዲስ ማሰሪያ ካጣሁ በላሜራ ላሠራ?

ሌላ መልስ፦ ውፍረቱ ከድሮው እንዳያንስ እንጂ ይሆናል። ቀለም ቀብተህ ግጠመው።