«እኛ ለምን አስፈለግን?» ብላ ልጄ ጠየቀችኝ

የደብረ ማርቆሱ አናጢ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ልጄ 7ኛ ክፍል ናት። ሰንበት ትምህርት ቤት «ሰው ለምን ተፈጠረ?» ሲባል «ስሙን ለመቀደስ፣ ክብሩን ለመውረስ» ብላ እንድትመልስ በቃሏ አስይዘዋታል፤ ደግ አደረጉ። ትናንት ማታ መጋዝ ስሞርድ አጠገቤ ቁጭ ብላ «አባዬ፣ ኪሩቤልና ሱራፌል ሌት ተቀን ያመሰግኑት የለም እንዴ? አልበቃው ብሎ ነው እኛን የጨመረ?» አለችኝ። ዝም በይ ብላት ይቀለኝ ነበር፤ ግን እኔንም ይከነክነኛል። የተማራችሁ ምን ትላላችሁ? ጥቅስ ብቻ ሳይሆን ልጅ በሚገባው አማርኛ።

ዘደጀን፦
ከመቶው የመላእክት ነገድ አንዱ፣ የሳጥናኤል ነገድ፣ ሲወድቅ ቦታው ባዶ ቀረ። አዳም የተፈጠረው በዚያ ሊተካ ነው። አለቀ።

የቢቸናው እህል ነጋዴ፦
አላለቀም ወንድሜ። የመቶውን ነገደ መላእክት ነገር መምህራን ይተርኩታል፣ አልክድም። ግን ዋናው ምክንያት እሱ ከሆነ፣ ሳጥናኤል ባይወድቅ እኛ አንፈጠርም ነበር ልትል ነው። የሰው መፈጠር በዲያብሎስ ጥፋት ላይ ቆመ ማለት ነው። ዘፍጥረት ግን «ንግበር ሰብአ በአርአያነ ወበአምሳሊነ»፣ ሰውን በመልካችን እንደ ምሳሌያችን እንፍጠር፣ ነው የሚለው፤ ክፍት ቦታ እንሙላ አላለም።

አናጢው፣ ዛሬ ጤፍ በሚዛን የምሸጥ ሰው ብሆንም በልጅነቴ ደበሎ ለብሼ፣ አኩፋዳ አንግቼ ዋሸራ ቅኔ ቤት ተምሬያለሁ። ይኸንኑ ጥያቄ አንድ ጓደኛችን ለየኔታ አቀረበ። የኔታ ዓይናቸው አያይም፤ ወደ ድምፁ ዞር አሉና «ትናንት ቁራሽ የሰጠችህ ሴትዮ ካንተ ምን አገኘች?» አሉት።
«ምንም፤ እግዜር ይስጥልኝ አልኋት እንጂ።»
«ምስጋናህ አምሯት ነው የሰጠችህ?»
«ኧረ የኔታ፣ በአንድ እጇ ውሻዋን ይዛ ነው የሰጠችኝ።»
እኛ ሳቅን፤ እሳቸው አልሳቁም። «ደግ ስለሆነች ሰጠች። ምስጋናህ ኋላ መጣ» ብለው ወደ ቅኔያቸው ተመለሱ።

መዝሙር 50፥12 ላይ እግዚአብሔር ራሱ ብራብ ለአንተ አልነግርህም፣ ዓለምና ሞላው የእኔ ነውና ይላል። ጳውሎስም አቴና ላይ በአርዮስፋጎስ ቆሞ፣ አንዳች እንደሚጎድለው በሰው እጅ አይገለገልም ብሏቸዋል። ብቻውን ሆኖ ከፍቶትም አይደለም፤ አብ ወልድን ዓለም ሳይፈጠር ይወደው እንደነበር ዮሐንስ 17፥24 ላይ አለ። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው የቤተ ክርስቲያን አባት ሄሬኔዎስም፣ አዳም የተፈጠረው እግዚአብሔር ሰው አስፈልጎት ሳይሆን ቸርነቱን የሚያፈስበት እንዲኖር ነው ብሎ ጽፏል።

ልጅህ በቃሏ ከያዘችው ውስጥ ሁላችንም «ስሙን ለመቀደስ» ላይ እንቆምና ሁለተኛዋን እንረሳታለን፦ ክብሩን ለመውረስ። ወራሹ ማን ሆነና? እኛው ነን። ያቺ ሴትዮ ቁራሽ ሰጠች እንጂ ቤቷን አላወረሰችንም፤ እሱ ግን ከክርስቶስ ጋር አብረን ወራሾች አደረገን፣ ሮሜ 8፥17። ምስጋናውም ቢሆን ለእሱ የሚጨምርለት ነገር የለም፤ የሚለወጠው አመስጋኙ ነው።

የባሕር ዳሩ፦
እኔ ከወንጌላውያን ወገን ነኝ፣ ከታገሣችሁኝ። ኢሳይያስ 43፥7 ለክብሬ የፈጠርሁት ይላልና እሱን ዘለን አንሂድ። በ1647 እ.ኤ.አ. የተዘጋጀው የዌስትሚንስተር ትምህርት፣ የፕሮቴስታንቶች የጥያቄና መልስ መማሪያ ነው፣ የመጀመሪያ ጥያቄውም ይኸው ነው፤ መልሱ እግዚአብሔርን ማክበርና ለዘላለም በእሱ ደስ መሰኘት ይላል። ሁለቱ ተያይዘው ነው የተጻፉት። ነጋዴው ካሉት ብዙም አልራቅሁ መሰለኝ።

የሰከላዋ፦
ሁላችሁም ሰማይ ሰማዩን ሄዳችሁ። ዘፍጥረት 2፥15 አዳም በገነት የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነው ይላል። ይኸ ገና ሳይበድል ነው፤ ሥራ ቅጣት ሆኖ አልመጣም። እኛ ግሽ ዓባይ ሥር ነን፤ አባቶቻችን ከኤደን የሚወጣው ግዮን ይኸ ነው ይሉናል። ከምንጩ ጠበል እንጠጣለን፣ ዳገቱን ግን ባሕር ዛፍ በባሕር ዛፍ አደረግነው። ወይራውና ጽዱ፣ ኮሶውም ጭምር፣ የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ነው፤ ያውም ሰው ታቦቱን ፈርቶ። ወራሽ ወራሽ ከማለት በፊት ጠባቂ መባላችንንም ለልጅህ ንገራት።

የቢቸናው እህል ነጋዴ፦
እህቴ፣ አፌን አስያዝሽኝ።

የደብረ ማርቆሱ አናጢ፦
ሁሉንም አነበብኩላት። ውሻዋ ላይ ሳቀች። ቀጥላ «ታዲያ እንደሚበድል እያወቀ ለምን ፈጠረው?» አትለኝም!

የቢቸናው እህል ነጋዴ፦
ይቺ ልጅ ቅኔ ቤት ትግባ! እንዲህ በላት፦ መውደድ የሚችል እምቢ ማለትም ይችላል። እምቢ የማይል ፍጥረት ቢፈልግማ ሐሙስ የፈጠራቸው ዓሦችና ወፎች ነበሩለት፤ ዓርብን ለምን ሰው ፈጠረበት? ዕፀ በለስም በገነት መካከል የቆመችው አዳም ወዶ እንዲታዘዝ ነው። ሲወድቅም አልተወውም። ንስሐ ሲገባ «በአምስት ቀን ተኩል ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ» ብሎ ቃል ገባለት፤ መምህራን አንዱን ቀን እንደ ሺህ ዓመት ቆጥረው 5500 ዘመን ብለው ይተረጉሙታል። መውደቁን ቀድሞ ሲያውቅ ማዳኑንም ቀድሞ አስቦ ነበር። የቀረውን ማታ እጽፋለሁ፤ ሁለት ኩንታል ማኛ የሚጫንለት ሰውዬ ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ እያፈጠጠብኝ ነው።