ደሃ አገር ዲሞክራሲ ይችላል ወይ?

ማታ አንባቢ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር አልዋጥልህ ብሎኛል። ማሊ በ2020፣ ቡርኪና ፋሶ በ2022፣ ኒጀር በ2023 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ወታደሩ የተመረጠውን ፕሬዚዳንት አወረደና ብዙ ሰው አደባባይ ወጥቶ ጨፈረ። ተገዶ ነው እንዳልል ፊቱ ላይ ደስታው ይታያል። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኮ ይኸው ሰው ተሰልፎ ድምፅ ሰጥቷል። ምርጫ ተደረገ፣ ታዛቢ መጣ፣ ፓርላማ ተከፈተ፣ ኑሮው ግን ያው። «ደሃ አገር መጀመሪያ ሆዱን ይሙላ፣ ዲሞክራሲ ከዚያ ይደርሳል» የሚሉት ሰዎች እውነት ሳይኖራቸው አይቀርም ማለት ጀምሬአለሁ። እናንተስ? የመማሪያ መጽሐፍ መልስ አልፈልግም፣ በተግባር የታየ ነገር ንገሩኝ።

ቆራጡ

እውነት አላቸው እንጂ! ደቡብ ኮሪያን እይ። ፓርክ ቹንግ ሂ በ1961 በመፈንቅለ መንግሥት ነው የመጣው፣ በ1979 እስኪገደል ድረስም ገዛ። አገሪቱ ከድህነት የወጣችው በዚያ ዘመን ነው። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ፕሬዚዳንቱን በቀጥታ የመምረጥ መብቱን ያስመለሰው በ1987 ነው፣ ያኔ ደግሞ ፋብሪካው ተተክሏል፣ ልጁ ተምሯል። ሲንጋፖርም ያው ናት። ሊ ኳን ዩ ከ1959 እስከ 1990 ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። ምርጫ ነበረ፣ ተቃዋሚ ግን መፈናፈኛ አልነበረውም። ሰላሳ ፓርቲ እየተጨቃጨቀ ግድብ አይሠራም። ጠንካራ ሰው ያስፈልጋል፣ አለቀ።

ነገር ፈላጊዋ

ቆራጡ፣ ሎተሪ የወጣላቸውን ሁለት ሰዎች አሳይተህ ሁላችንም እንቁረጥ እያልከን ነው። ሞቡቱስ ጠንካራ ሰው አልነበረም? ከ1965 እስከ 1997 ዛየርን፣ የዛሬዋን ዲሞክራቲክ ኮንጎን፣ እንዳሻው ገዛ። የሚገዳደረው ፓርቲ የለ፣ መዳቡ ኮባልቱ አልማዙ ሞልቶ ተርፎ። ምን ሠራበት? ጫካ መሃል ባለችው በግባዶሊቴ ቤተ መንግሥት አስገነባ፣ ኮንኮርድ የሚባለው ከድምፅ የፈጠነ አውሮፕላን የሚያርፍበት ማኮብኮቢያ ዘረጋ። የአገሩን መንገድ ግን ዳዋ በላው።

ጠንካራው ሰው ሊ ኳን ዩ ይሁን ሞቡቱ ቀድመህ የምታውቅበት መንገድ የለም። ሞቡቱ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ማውረጃው ጠፋ ማለት ነው። ምርጫ ጎበዝ መሪ ያመጣል ብዬ አልከራከርም፣ ብዙ ጊዜ አያመጣም። የማይረባውን ያለ ደም ለማሰናበት ግን ከሱ የተሻለ ነገር አላየሁም። ጋና ውስጥ በ2000፣ በ2008፣ በ2016 እና በ2024 ሥልጣን ከገዢው ፓርቲ ወደ ተቃዋሚው በድምፅ ተሻግሯል። ጋና ሀብታም ሆነች አላልኩም፣ በ2022 መጨረሻ የውጭ ዕዳዋን መክፈል አቅቷት አቁማ ነበር። ሕዝቡ ተናደደ፣ ቀኑን ጠብቆ በካርዱ ቀጣ፣ ታንክ አላስፈለገውም።

ረሃብንም አንርሳ። የኢኮኖሚ ባለሙያው አማርትያ ሴን ነፃ ጋዜጣና እውነተኛ ምርጫ ባለበት አገር ትልቅ የረሃብ እልቂት አልደረሰም የሚለው ነገር አለው። ሕንድ ውስጥ ሚሊዮኖች በረሃብ ያለቁት በ1943 ቤንጋል ላይ ነው፣ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር። ከነፃነት በኋላ ድርቅ ተመላልሷል፣ ያን የመሰለ እልቂት ግን አልተደገመም (የምግብ እጥረቱ አልለቀቃትም፣ እሱን አልደብቅም)። ቻይና በ1959 እና በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት ስንት ሚሊዮን ሕዝብ ሲያልቅባት፣ የታች ካድሬው ለበላዩ «ምርቱ ሞልቷል» የሚል ሪፖርት ይልክ ነበር። ውሸቱን የሚያጋልጥ ጋዜጣ ከየት ይምጣ?

ቆራጡ

ኮንኮርዱን አልሰማሁም ነበር፣ ይሁን። ግን የማሊ ሰው ለምን ጨፈረ? እሱን አልመለስሽም።

ሒሳብ አጣሪ

እሱን እኔ ልሞክር። አንደኛው ምክንያት ጸጥታ ነው። መንግሥቱ ገጠሩን ከታጣቂ መጠበቅ አቅቶት ነበር፣ በየቀኑ ሰው እየሞተ ስለ ሕገ መንግሥት የሚሰማህ የለም። ሁለተኛው ግን በምርጫና በምርጫ መሃል ያለው ጊዜ ባዶ መሆኑ ነው። ድምፅ ትሰጣለህ፣ በሩ ይዘጋል፣ አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ዞር ብሎ አያይህም። ባለሥልጣኑም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ ሥራውን ይጀምራል። እንዲህ የተረሳ ሰው ማንም መጣ ማን ያጨበጭባል። ያጨበጨበለት ወታደር ምን አደረገ? የማሊዎቹ በመጀመሪያ ቃል የገቡት 18 ወር ነበር። በ2025 ፓርቲዎችን በሙሉ አፍርሰው ለመሪያቸው ያለ ምርጫ የሚታደስ አምስት ዓመት ሰጡት። የቡርኪናዎቹም በ2024 አምስት ዓመት ጨመሩ፣ የኒጀሩ ጄኔራልም በ2025 ለአምስት ዓመት ቃለ መሐላ ፈጸመ። አምስት ቁጥር ምን እንዳደረገቻቸው እንጃ።

በተግባር የታየ ብለሃል፣ እኔ ሁሌ የማነሳው ኡጋንዳን ነው። መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር ልክ ገንዘብ ይልክ ነበር፣ ለመጽሐፍ፣ ለጠመኔ፣ ለምናምን። በዓለም ባንክ ተመራማሪዎች የተሠራ ጥናት ከ1991 እስከ 1995 የተላከውን ሲከታተል፣ ከ100 ሽልንግ ትምህርት ቤቱ ጋ የደረሰው በአማካይ 13 ሆኖ ተገኘ። ብዙዎቹ ሰባራ ሳንቲም አላዩም። ገንዘቡ አውራጃ ጽሕፈት ቤት ላይ ነው የሚቀረው። ርዕሰ መምህሩ ስንት እንደተላከለት አያውቅ፣ ታዲያ ስንት እንደተበላበት በምን ይወቅ? ከዚያ መንግሥት የሚልከውን ገንዘብ በጋዜጣ ማውጣት ጀመረ፣ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው እንዲለጥፉ ታዘዙ። ልጁን ሊያደርስ የመጣ ወላጅ ቆም ብሎ ቁጥሩን ያነባል፣ ጋዜጣው ላይ ካየው ጋር ካልገጠመ ይጠይቃል። በ2001 ከ80 በመቶ በላይ እየደረሰ ነበር። ሁሉም በጋዜጣው ብቻ መጣ አይባልም፣ ጋዜጣ የሚሸጥበት ቦታ የሚቀርባቸው ትምህርት ቤቶች ግን የበለጠ ማግኘታቸው በጥናቱ ታይቷል።

ቆራጡ ይህን እንደሚወድልኝ አውቃለሁ፦ ያኔ ኡጋንዳ የፓርቲ ውድድር የሌለባት አገር ነበረች። ስለዚህ ቁጥጥር ያለ ፓርቲም ይጀመራል። ችግሩ የበላዩ ሰው ሐሳቡን የቀየረ ቀን ነው፣ ማን ያስገድደዋል? ብራዚልን ስታይ ልዩነቱ ይገባሃል። ከ2003 ጀምሮ ለዓመታት የትኛው ማዘጋጃ ቤት ኦዲት እንደሚደረግ በዕጣ ይወጣ ነበር፣ ከንቲባው ተራው መቼ እንደሚደርስ ስለማያውቅ ተዘጋጅቶ አይጠብቅም ነበር። በ2004 ምርጫ ሌብነታቸው የተጋለጠ ከንቲባዎች ድምፅ አጡ፣ በተለይ የአካባቢ ሬዲዮ ባለባቸው ከተሞች።

የሕግ ተማሪ

ፍርድ ቤቱንስ? ማላዊ በ2019 ምርጫ አድርጋ ፒተር ሙታሪካ አሸነፈ ተባለ። የውጤት ቅጾቹ ሲታዩ ቁጥሩ በነጭ ፍሉድ ተሸፍኖ ሌላ ቁጥር ተጽፎበታል። አንዱን ቅጽ ብታይ ዓይን ያወጣ ነገር ነው፣ ለመደበቅ እንኳ አልደከሙበትም። ሕዝቡ ለወራት ሰልፍ ወጣ፣ የአገሪቱ ጦር ደግሞ በመተኮስ ፈንታ ሰልፈኛውን ጠበቀ። አንድ ባለሀብት ዳኞቹን በጉቦ ሊገዛ ሞክሮ ዳኞቹ ራሳቸው ጉዳዩን አወጡት፣ ኋላም ተፈርዶበታል። የካቲት 2020 ላይ አምስት ዳኞች በወታደር ታጅበው ገቡና ምርጫውን ሰረዙት። ሰኔ ላይ በድጋሚ ተመርጦ ላዛሩስ ቻክዌራ አሸነፈ።

ከዚያ በኋላስ? ኑሮ ተወደደ፣ ነዳጅ ጠፋ፣ በ2025 ሕዝቡ ቻክዌራን አውርዶ ያንኑ ሙታሪካን መለሰው። ቻክዌራም ሽንፈቱን ተቀበለ። ሰው ይህን ሲሰማ «እና ምን ተገኘ?» ይላል። ዳኛ ድምፅህን ያስከብርልሃል እንጂ ዘይት አያረክስልህም፣ ሁለቱን መለየት ነው።

ማታ አንባቢ

በጣም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ያለ መልስ ነበር የፈለግሁት። ሒሳብ አጣሪ፣ አንድ ጥያቄ፦ ማንበብ የማይችል ሰው በሚበዛበት ቦታ ግድግዳ ላይ ወረቀት መለጠፍ ምን ያደርጋል?

ሒሳብ አጣሪ

ጮክ ብሎ ማንበብ ነዋ። ሕንድ ውስጥ ራጃስታን ላይ የሠራተኞችና የገበሬዎች ማኅበር በ1990ዎቹ የጀመረው ይህንን ነው። በመንግሥት ሥራ ላይ ደመወዝ ተከፍሏቸዋል የተባሉትን ሰዎች ዝርዝር አገኙና መንደርተኛውን ሰብስበው ስም በስም አነበቡለት። የሞተ ሰው ስም ሲጠራ፣ አካፋ ይዞ የማያውቅ ሰው ስም ሲጠራ፣ «ተጠናቋል» የተባለው ሕንፃ ጣሪያ እንደሌለው ሁሉም እያየ፣ ያን ሁሉ ለመረዳት ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ያ ግፊት አድጎ በ2005 ሕንድ የመረጃ ነፃነት ሕግ አወጣች፣ ማንም ዜጋ በትንሽ ክፍያ የመንግሥትን መዝገብ መጠየቅ ይችላል። መረጃ በመጠየቃቸው ብቻ የተደበደቡና የተገደሉም ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ ቀላል ነው አላልኩህም።