ጥቆማ፦ ጥቂት መቶ ፍሬ የፕላስቲክ ዕቃ በየትኛው መንገድ ማሠራት ያዋጣል?

ዲዛይኑ አልቋል እንበል። የምትፈልጉት መቶ ሺህ ሳይሆን 300 ወይም 2,000 ፍሬ ነው። ሦስት አምራቾች ጋ ዋጋ ስትጠይቁ የሚሰጧችሁ ቁጥር ሰማይና ምድር ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚሆነው አንዱ ስግብግብ ሌላው ደግ ስለሆነ አይደለም። ሦስቱም ያሰቡት ሞልድ (ፕላስቲኩ ገብቶ ቅርጽ የሚይዝበት ዕቃ) ስለሚለያይ ነው።

ኢንጀክሽን ላይ፣ ማለትም የቀለጠ ፕላስቲክ በግፊት ሞልድ ውስጥ ሲገባ፣ ብሩን የሚበላው ፕላስቲኩ ሳይሆን ሞልዱ ነው። የአንድ ሞልድ ወጪ ለ200 ፍሬ ሲካፈልና ለ5,000 ፍሬ ሲካፈል የአንዷ ፍሬ ድርሻ 25 እጥፍ ይለያያል። ስለዚህ «አንዷ በስንት?» ከማለታችሁ በፊት «ሞልዱ ከምን ይሠራል? ስንት ፍሬ ይችላል? የማን ንብረት ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከ50 ፍሬ በታች ከሆነ የብረት ሞልድ ባታስቡ ይሻላል። ለአምስት ለስድስት ፍሬ ስሪዲ ፕሪንት ይበቃል። ከዚያ ከፍ ካለ በሲሊኮን ሞልድ ማስቀዳት አለ፤ አንዱ ሲሊኮን 20 ገደማ ቅጂ አውጥቶ ይደክማል። የሚቀዳው ግን ፖሊዩሬቴን ነው፤ እንደ ኤቢኤስ ወይም ፖሊፕሮፒሊን ያለ የኢንጀክሽን ፕላስቲክ አይደለም። ለደንበኛ ለማሳየትና ክፍሎቹ መግጠማቸውን ለማየት ጥሩ ነው። የሙቀት ወይም የጥንካሬ ፈተና ግን በእሱ አትፈትኑ።

ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ፍሬ ለሚፈልግ ሰው ያለማመንታት የምጠቁመው አሉሚኒየም ሞልድ ነው። ለመቁረጥ ቀላል ስለሆነ ቶሎ ይደርሳል። ሙቀትንም ከሞልድ ብረት በብዙ እጥፍ የተሻለ ያስተላልፋል፤ ከአንድ ሾት (ሞልዱ አንዴ ሞልቶ ዕቃ አውጥቶ የሚከፈትበት ዙር) ጊዜ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ደግሞ ማቀዝቀዙ ነው። አምራቹ የጋራ ቤዝ (ለብዙ ደንበኞች የሚያገለግል የሞልድ ውጫዊ አካል) እንዳለው ጠይቁ። ካለው ለእናንተ የሚቆረጠው የዕቃው ቅርጽ ያለበት ኢንሰርት ብቻ ስለሆነ ወጪው በጣም ይቀንሳል። ጉዳቱም አለው፤ ኢንሰርቱን ይዛችሁ ሌላ አምራች ጋ ብትሄዱ ላይገጥምለት ይችላል። ዕቃችሁ መስታወት የተቀላቀለበት ናይለን ከሆነ ግን አሉሚኒየሙን ቶሎ ይበላዋል።

የጎን ቀዳዳ ካለው አብዛኛው ሰው ስላይደር (ሞልዱ ሲከፈት ወደ ጎን የሚንሸራተት ክፍል) ይሠራልኝ ይላል። ለ300 ፍሬ አያስፈልግም። ኦፕሬተሩ በእያንዳንዱ ሾት ቀዳዳውን የምታወጣ ትንሽ ብረት በእጁ ያስገባል፣ ከዕቃው ጋር ያወጣታል። ሥራው ይንቀራፈፋል፣ ግን ከስላይደር ይረክሳል። ለ20,000 ፍሬ ከሆነ ስላይደሩን አሠሩ።

ፒ20 የሚባለው የሞልድ ብረት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ትዕዛዝ በእጁ ላለ ሰው ነው። «ወደፊት ያስፈልገናል» ብላችሁ ዛሬ አትክፈሉበት። በአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ ማኅበር የሞልድ አመዳደብ መሠረት ክላስ 105 እስከ 500 ሾት፣ 104 እስከ 100,000፣ 103 እስከ 500,000 ነው። 101 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ነው። ክላሱን በጽሑፍ አስቀምጡት፤ ያኔ ሦስቱን ዋጋ በእኩል ሚዛን ማወዳደር ትችላላችሁ።

እንደ ፕሮቶላብስና ዞሜትሪ ያሉ የኦንላይን አገልግሎቶችም አሉ። ፋይሉን ስትጭኑ ዋጋ ይመጣል፤ የዲዛይን ስህተትም ያመለክታሉ። ዞሜትሪ በአብዛኛው ሥራውን ለአጋር አምራቾች ያከፋፍላል። ዕቃው ቀላል ከሆነ እነሱን ምረጡ። የሚያጣብቅና የሚያስቸግር ቅርጽ ካለው ግን ሞልድ ሠሪው አጠገብ ቁጭ ብሎ መነጋገርን የሚተካ የለም።

ትልቁን ቅናሽ የምታገኙት ግን ከዲዛይኑ ነው። የማቀዝቀዣ ጊዜ በግድግዳው ውፍረት ስኩዌር ያድጋል፤ 2 ሚሊሜትር የነበረውን 4 ብታደርጉት ጊዜው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። የብሎን ማሰሪያው ወፍራም ከሆነ ደግሞ ከፊት ለፊቱ ባለው ልሙጥ ገጽ ላይ ትንሽ ጉድጓድ ትታያለች። ማጠናከሪያ ሪብ ከግድግዳው ውፍረት 60 በመቶ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ቀጥ ባሉ ግድግዳዎች ላይ ቢያንስ 1 ዲግሪ ዘንበል ስጡ፤ ሻካራ ገጽ ከሆነ ከዚያ በላይ።

የማሽን ዝግጅትም ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ሞልዱ ይሰቀላል፣ የድሮው ቀለም ይታጠባል፣ የመጀመሪያዎቹ ፍሬዎች ይጣላሉ። ስለዚህ 100 ፍሬ አምስት ጊዜ ከማዘዝ 500 በአንዴ እዘዙ። ቀለም የማታማርጡ ከሆነ በዕለቱ ማሽኑ ላይ ባለው ቀለም እንዲሠሩላችሁ ጠይቁ።

ዋጋ ስትጠይቁ ለ250፣ ለ1,000 እና ለ5,000 ፍሬ ለየብቻ ይጻፍላችሁ። ሞልዱ የእናንተ መሆኑና የት እንደሚቀመጥ ውሉ ላይ ይግባ። ቀብድ ክፈሉ፤ ናሙናውን ለክታችሁ ሳታጸድቁ ግን ቀሪውን አትልቀቁ። ዕቃው ፖሊፕሮፒሊን ከሆነ ከማሽን ከወጣ በኋላም መኮማተሩን ስለሚቀጥል የሚለካው በማግስቱ ነው።