አሉ-ዚንክ ቆርቆሮ በሁለት ዓመት ይበሳሳል እንዴ?

የሳቢያኑ፦
ሰላም ወገን። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነኝ። ካቻምና ጓሮዬ ውስጥ የፍየል ቤት ሠራሁ። ጣሪያውም ግድግዳውም አሉ-ዚንክ ነው። ባለሱቁ «ለልጅ ልጅ ይተርፋል» እያለ ነው የሸጠልኝ። ጣሪያው እስከ ዛሬ ያብለጨልጫል። ግድግዳው ግን ከታች፣ ስሚንቶ ውስጥ የቀበርኩት ጋ፣ መጀመሪያ ጠቆረ፣ ከዚያ እንደ ወንፊት ተበሳሳ። አንዷ ግልገል አፍንጫዋን አውጥታ የጎረቤቱን ግቢ ታሸታለች! የሚገርመኝ ከዚራ ያለው የእናቴ ቤት ነው። ተራ ዚንክ ቆርቆሮ ነው፣ እኔ ሳልወለድ የተመታ። ደበዘዘ እንጂ አልተበሳም። ድሬ ደግሞ ደረቅ አገር ነው። ተሸውጄ ነው ወይስ ጥፋቱ የኔ ነው?

አቦዬ፦
አቦ ፎርጅድ ነው! ባለሱቁን ያዘው።

የመጋላ በያጅ፦
ኧረ ባለሱቁን ተዉት። ጣሪያው ደህና ከሆነ ቆርቆሮው ፎርጅድ አይደለም፣ ያለቦታው ገብቶ ነው። የአሉ-ዚንክ ልባስ በክብደት 55 በመቶ አሉሚኒየም፣ 43.4 በመቶ ዚንክ፣ 1.6 በመቶ ሲሊከን ነው። አሉሚኒየሙ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ያወጣል። ዝናቡን የሚችለው በዚያ ነው፤ ለጣሪያ ከተራው ዚንክ ይበልጣል። ያ ቆዳ ግን እርጥብ ስሚንቶና ከሽንት የሚወጣ አሞኒያ ሲነካው ይሟሟል። አንተ ሁለቱንም አቀመስከው። ተራው ዚንክ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያድናል። ቢጫርም ጫፉን ይጠብቃል። ሽንት ግን እሱንም አይምረውም። ለመሆኑ በምን ቆረጥከው?

የሳቢያኑ፦
በግራይንደር።

የመጋላ በያጅ፦
በለው! ሙቀቱ ጫፉ ላይ ያለውን ልባስ ያቃጥለዋል። የሚረጨው ብናኝ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ ተጣብቆ ይዝጋል። ቆርቆሮ በመቀስ ነው የሚቆረጠው ወንድሜ። አሁን ከታች ክንድ ያህል ቁረጥና ጣል። በቦታው ብሎኬት ደርድር። ቆርቆሮው ብሎኬቱን እንዳይነካ ሁለት ጣት ከፍ አድርገህ ቋሚው ላይ ምታው። ከላይ የአየር ማስወጫ ተው። አለዚያ አሞኒያው ታምቆ ጣሪያውንም ከውስጥ ይጀምረዋል።

የሳቢያኑ፦
አሁን በባትሪ ገብቼ አየሁት። ጀምሮታል፤ ሚስማሮቹ ዙሪያ ነጭ ነጭ ብሏል። ቅዳሜ ብሎኬት አመጣለሁ። እስከዚያ ፍየሎቹን የት ላሳድር? እናቴ «እኔ ጋ እንዳታመጣቸው» ብላለች።