አምቡ ባግ አያያዝ ላይ ተቸግረናል፤ የምታሠለጥኑ እርዱን

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ላይ ለነርሶችና ለጤና መኮንኖች የድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና እየሰጠን ነው። አንድ ሰው ብቻውን አምቡ ባጉን (መተንፈስ ላቃተው ሰው በጭንብል በኩል አየር የሚሰጠውን፣ በእጅ የሚጨመቅ ከረጢት) ሲጨምቅ የማኒኪኑ (የመለማመጃ አሻንጉሊቱ) ደረት አይነሳም፤ አየሩ በጉንጩ በኩል ሽው ብሎ ይወጣል። ሁለት ሆነው አንዱ በሁለት እጁ ጭንብሉን ሲይዝ ግን ደረቱ ጥሩ ይነሳል። ስለዚህ ቫልቩም የሳንባው ላስቲክም ደህና ነው፣ ችግሩ እጅ ላይ ነው። ብዙዎቹ ጭንብሉን ፊት ላይ ይጫኑታል እንጂ መንጋጋውን ወደ ጭንብሉ አያነሱም። መንጋጋውን ማንሳት ያለባቸው ሦስቱ ጣቶች ከአጥንቱ ወርደው አገጭ ሥር ያለው ሥጋ ላይ ያርፋሉ፤ ይህ በታካሚ ላይ ምላስን ገፍቶ የአየር መንገድ ይዘጋል።

የበለጠ የሚያሳስበን የአየሩ መጠን ነው። የአዋቂ ባግ 1500 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ለአንድ ትንፋሽ የሚፈለገው ግን ከ500 እስከ 600፣ በ1 ሰከንድ ውስጥ ነው። ሠልጣኝ ሲጣደፍ ጨምቆ ይጨርሰዋል። ትርፉ አየር ጨጓራ ገብቶ ያስመልሳል፣ ትውከቱም ሳንባ ይገባል።

መለኪያ በሌለው ማኒኪን መጠኑን በምን ታሳያላችሁ? እጃቸው ትንሽ ለሆነስ ምን ዓይነት አያያዝ ሠራላችሁ? ቀጣዩ ቡድን ሰኞ ይገባል፤ እባካችሁ ቶሎ መልሱልን።