ሲሞቅ እምቢ ለሚል ሞተሪኖ፦ አዳማ ላይ የት ልውሰደው ለምትሉ

ጠዋት ቁልፍ ስታዞሩ መኪናችሁ በአንዴ ይነሳል። ከሰዓት በኋላ ነዳጅ ወረፋ ላይ አጥፍታችሁ እንደገና ልታስነሱ ስትሉ ግን ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። ግማሽ ሰዓት ኮፈኑን ከፍታችሁ ጠብቃችሁ ስትሞክሩት ምንም እንዳልነበረ ይነሳል። ይህ የሞተሪኖ (ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ ሞተር) ጣጣ እኔን ሁለት ወር ሙሉ አንገላቶኛል። አዳማ ውስጥ ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው ብዙ ስለሆነ፣ የሞከርኩትን ሁሉ እያነጻጸርኩ ልንገራችሁ።

የእኔ ማንዋል ኮሮላ ናት። ችግሩ መጀመሪያ የታየው ከመተሐራ ስመለስ ነው። ወለንጪቲ ሻይ ልጠጣ ቆምኩ፤ አሥር ደቂቃ ብቆይ ነው። ተመልሼ ቁልፉን አዞርኩ፣ ቀጭ። ደገምኩ፣ ቀጭ። የሰፈሩ ልጆች ገፍተው አስነሱልኝ፤ እግዜር ይስጣቸው። በማግስቱ የወሰድኩበት ጋራዥ ሳይለካ፣ ሳይፈታ «ባትሪህ ሞቷል» አለኝ። አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ሳምንት ሳይሞላ ችግሩ ተመለሰ።

ለምን ሲሞቅ ብቻ? መኪና ሲጠፋ ፓምፑ ውሃ ማዘዋወሩን ያቆማል፣ ንፋስም አይገባም። የሞተሩ ሙቀት ኮፈን ሥር ይታመቃል። ስለዚህ ከጠፋ በኋላ ባሉት አሥር፣ ሃያ ደቂቃዎች ሞተሪኖው በጉዞ ላይ ከነበረው ይበልጥ ይሞቃል። ከጭስ ማውጫው ጎን የተቀመጠ ከሆነማ ይብሳል። መዳብ ደግሞ በሞቀ ቁጥር ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይከብደዋል፤ ሙቀቱ በ60 ዲግሪ ሲጨምር ተቃውሞው ሩብ ያህል ያድጋል። ጤነኛ ሞተሪኖ ይህን ይችለዋል። ካርቦኑ (ውስጥ ለሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው) ያለቀ፣ የሶሌኖይዱ (ቁልፍ ሲዞር ለሞተሪኖው ኤሌክትሪክ የሚከፍትለት ማብሪያ) ኮንታክት የተበላ ወይም ማሳው (ከባትሪው ነጌቲቭ ወደ መኪናው አካል የሚታሰረው ገመድ) የዛገ ከሆነ ግን ብርድ ላይ እንደምንም ይሠራና ሙቀት ላይ እጅ ይሰጣል። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ አዳማ ውስጥ ይህ አቤቱታ የሚበዛው ለዚህ ይመስለኛል።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ። ሞተሩ በደንብ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ችግሩ የሞተሪኖ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ነዳጅ ወይም ሴንሰር ነው። የማይዞር ከሆነ ደግሞ እምቢ ባለበት ሰዓት የፊት መብራቱን አብሩና ቁልፉን አዙሩ። መብራቱ ክፉኛ ከደከመ ባትሪው፣ የባትሪው ገመድ ወይም ራሱ ሞተሪኖው ሊሆን ይችላል። መብራቱ ሳይደክም ቀጭ ብቻ ካለ ወደ ኮንታክቱና ወደ ካርቦኑ ሂዱ። ቀጭ እንኳ ካላለ ሪሌውን፣ የቁልፉን ማብሪያ፣ ወደ ሶሌኖይዱ የምትሄደውን ቀጭን ሽቦ አስፈትሹ። አውቶማቲክ ከሆነ የማርሹን ስዊችም ጨምሩበት።

ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ያለው ሰው ካገኛችሁ ነገሩ ቶሎ ይለያል። ያረፈና የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ቁልፍ ሲዞር ከ9.6 በታች መውረድ የለበትም። ከባትሪው ነጌቲቭ እስከ ሞተሪኖው ቀፎ ሲለካ፣ ቁልፍ እየዞረ ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ላይ ችግር አለ። ማሳውን ፈትቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ አጥብቆ ማሰር ብቻውን የሚያድነው መኪና ብዙ ነው።

አሁን ወደ ጥቆማው።

አንደኛ ምርጫዬ ሞተሪኖና ዲናሞ ብቻ የሚሠራ የመኪና ኤሌክትሪሻን ነው። ጠቅላላ ጋራዥ ብትወስዱትም አብዛኛውን ጊዜ ፈትቶ የሚልከው ወደ እሱ ነው፤ መሐል ላይ ትርፍ ከምትከፍሉ በቀጥታ ሂዱ። ጥሩውን የምትለዩት በሦስት ነገር ነው። ቴስተሩ እጁ ላይ ነው፣ ፊታችሁ ይፈታል፣ ያወጣውን አሮጌ ዕቃ ይመልስላችኋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ መኪናውን ሞቆ እያለ ለማየት ፈቃደኛ ነው። «ጠዋት አምጣው» የሚላችሁን ተዉት፤ ጠዋት ላይማ ይነሳል! እኔ እስከ ወንጂ ነድቼ ተመለስኩና በሩ ላይ አጠፋሁት። አሥር ደቂቃ ጠበቅን። ቀጭ ሲል ለካው። ቀጭኗ ሽቦ ላይ በቂ ቮልት ይደርሳል፣ ሞተሪኖው ግን አይዞርም። ጥፋቱ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም።

ሲፈታው የሶሌኖይዱ የመዳብ ኮንታክት በአንድ ወገን ተበልቶ ጎድጉዷል። የጃፓኑ ዴንሶ ኩባንያ ሞተሪኖ ባላቸው ቶዮታዎች ላይ ይህ የታወቀ በሽታ ነው። ኮንታክቱ ለብቻው ይሸጣል፣ ካርቦኑም እንዲሁ። ሁለቱን ቀይሮ፣ ቡሹን (ዘንጉ የሚዞርበትን ቀለበት) ቀባብቶ መለሰው። የከፈልኩት ለባትሪው ካወጣሁት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ሁለተኛው አማራጭ ዩዝድ ኦርጅናል ነው። አዳማ ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች ካጣችሁ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይገኛል። ቀፎው ከተሰበረ ወይም የመዳብ ጥቅልሉ ከተቃጠለ ይህን እመርጣለሁ። ግን ሻጩ ባትሪ ላይ አስነክቶ ሲያሽከረክርላችሁ አትታለሉ። ያለ ጭነት፣ በብርድ፣ ደካማውም ይሽከረከራል። የሳምንት መመለሻ ዋስትና በጽሑፍ ጠይቁ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና የቤንዲክሱን (ሞተሩን ነክሶ የሚያዞረው ጥርሳም ክፍል) የጥርስ ቁጥር፣ የብሎን ቀዳዳውን ቦታ አመሳክሩ።

ሦስተኛው አዲሱ ርካሽ ሞተሪኖ ነው። ለመንደር መኪና ያገለግል ይሆናል። እንደ እኔ ቆላ ለሚመላለስ ግን አልመክርም፤ በደንብ የታደሰ ኦርጅናል ይበልጥብኛል። ካርቶኑ ላይ ዴንሶ ስለተጻፈም ዴንሶ ነው ማለት አይደለም። አሮጌውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ክብደቱንና ቀፎው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አስተያዩ።

መንገድ ላይ ብትቀሩ ሞተሪኖው ላይ ውሃ አትድፉ። ሲደረግ አይቻለሁ፤ ኤሌክትሪክ ያለበት ትኩስ ብረት ነው። ማርሹን ነጻ አድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሌላ ሰው የመኪናውን ቁልፍ አዙሮ ይዞ ሳለ የሞተሪኖውን ቀፎ በመፍቻ እጀታ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉ። ያኔ ከተነሳ የተያዘው ካርቦኑ ሳይሆን አይቀርም። ከአሥር ሴኮንድ በላይ ደግሞ ቁልፉን አዙራችሁ አትያዙት፤ ሞተሪኖው ይቃጠላል። ራሳችሁ ልትፈቱት ካሰባችሁ መጀመሪያ የባትሪውን ነጌቲቭ አውልቁ፤ ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ወፍራም ገመድ ቁልፍ ቢጠፋም ኤሌክትሪክ አለው።

የመጨረሻ ሥራዬ የሙቀት መከላከያው ቆርቆሮ ነበር። ከጭስ ማውጫውና ከሞተሪኖው መሐል መኖር የነበረበት ከእኔ መኪና ላይ የለም፤ በአንዱ ጥገና ጊዜ ፈትተው ሳይመልሱት ቀርተዋል። የቆርቆሮ ሠራተኛ ጋ ሄጄ በልኩ አስቆረጥኩና በብሎን አሰርኩት። ከዚያ እንደገና መተሐራ ደርሼ ስመለስ ወለንጪቲ እዚያው ሻይ ቤት ቆምኩ። አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ። ቁልፉን ሳዞር በአንዴ ተነሳች።